ከካሚዮን መሪ እስከ ሕዝብ መድረክ፤ የዐብዲ ሲኒሞ የሕይወት ታሪክ

በታሪክ ስማቸው ጎልቶ የሚነገርላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወይ በሰይፍ አገር ያቀኑ፣ ወይ በሕግ ሕዝብ ያስተዳደሩ፣ ወይም በሀብታቸው የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ሠራዊትም ሹመትም ገንዘብም ሳይኖረው፣ በአንዲት አጭር ዜማ ብቻ የሕዝቡን ጠባይ የለወጠ ሰው አልፎ አልፎ መገኘቱ አይቀርም። ከነዚህም አንዱ ሲኒሞ በሚል ቅጽል ስም የታወቀው የካሚዮን ሾፌር ዐብዲ ዴቅሲ ወርፋ ነው። ዛሬ በሐርጌሳም ሆነ በሌሎች የሱማሌ ከተሞች በመድረክና በራዲዮ የሚሰማው ዘመናዊ ዘፈን ሥሩ ሲፈለግ መጨረሻው የሚገኘው በዚህ ሰው ዘንድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዐብዲ የተወለደው በ1920ዎቹ ዓመታት፣ ከቦረማ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በጃራሆራቶ ነው። ቦረማ ከሐርጌሳ በስተ ምዕራብ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ በደጋማ ስፍራ ላይ የቆመች ከተማ ስትሆን፣ አገሩ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት ጥበቃ ሥር የነበረው የሱማሌ ምድር ክፍል ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ከፊሉ ከብት አርቢ፣ ከፊሉ ማሽላ ዘሪ ነው። ዐብዲ በወጣትነቱ እንደ ብዙዎቹ የዕድሜ ጓደኞቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ጂቡቲ ተሻገረ። ጂቡቲ በፈረንሳዮች እጅ ያለች፣ መርከብና ባቡር የሚገናኙባት፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚተራመስባት የንግድ በር ስለ ነበረች፣ ከገጠር ለመጣ ወጣት ዓይን የምትከፍት ከተማ ነበረች። ኋላም ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ የጭነት መኪና መንዳት መተዳደሪያው ሆነ።

ዘመኑ ለሾፌር የተመቸ ዘመን ነበር። የኢጣልያ ጦር በነሐሴ ወር 1940 የእንግሊዝን ሱማሌ ምድር ያዘ፤ እንግሊዞችም በመጋቢት ወር 1941 ተመልሰው አስለቀቁት። ከዚያም በኋላ የአስተዳደሩ መቀመጫ በባሕር ዳር ካለችው ከበርበራ ወደ ደጋዪቱ ሐርጌሳ ተዛወረ። ከጦርነቱ ጋር የመጣው መኪናና መንገድ ከጦርነቱ በኋላ ለነጋዴው ተረፈው። ቀድሞ ግመል ብዙ ቀን ይፈጅበት የነበረውን ጎዳና ካሚዮን በአጭር ጊዜ ይጨርሰው ጀመር። ከባሕሩ ወገን ሩዝ፣ ቴምር፣ ስኳርና ጨርቅ ይወጣል፤ ከደጋው ወገን ቆዳና ቅቤ ይወርዳል። ሾፌሩም ጭነት ብቻ ሳይሆን ወሬና ደብዳቤ፣ ሰላምታና ዜማ ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ የሚመላለስ፣ በየደረሰበት የሚከበብና የሚጠየቅ ሰው ሆነ። ዐብዲም በተፈጥሮው ጨዋታ ዐዋቂ፣ ሰው አሣቂ፣ የሰማውንና ያየውን በዓይን እንደሚታይ አድርጎ የሚተርክ ነበርና፣ በዚያን ዘመን አዲስ ነገር በነበረው በሲኒማ ስም ሲኒሞ ተብሎ ተጠራ። እንዲህ ሆኖ ፊልም ሳይሠራ የፊልም ስም ወጣለት።

ስሙን ለዘለዓለም ያስቀረው ነገር የደረሰው ከ1943 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከባሕር ዳርቻይቱ ከዘይላ ወደ ቦረማ የሚወስደው ጎዳና ደጋውን እስኪይዝ ድረስ የሚያልፈው ውሃ በጠፋበትና አሸዋ በበዛበት በረሓ ነው። በዚሁ ጎዳና ላይ፣ ስሟ በሱማሌ ቋንቋ ሰፊ አቧራ ማለት በሆነው በሐባስ ወይን አጠገብ የዐብዲ ካሚዮን ተሰበረ። ሾፌሩና ከእርሱ ጋር የነበሩት ሰዎች በዚያ በረሓ ቆሙ። መኪና በምድረ በዳ የተበላሸበት ሰው ጭንቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነ መንገደኛ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። እንደሚተረከው ዐብዲ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ስለ ደረሰበት መከራ ጥቂት ቃላት በዜማ አወጣ። በዜማውም መከራን ባልዎ እያለ ጠራው፤ ባልዎ ከዐረብኛ የመጣ፣ መዓት ወይም መከራ ማለት የሆነ ቃል ነው። መኪናው ተጠግኖ ጉዞው ሲቀጥል ዜማው አብሮት ወደ ከተማ ገባ፤ የሰሙትም ሰዎች ስለ ወደዱት ደጋግመው አዘፈኑት። አዲሱም የዘፈን ዓይነት ባልዎ ተብሎ ቀረ።

ይህች አጭር ዜማ ለምን ይህን ያህል እንደ ተወደደችና ኋላም እንደ ተነቀፈች ለመረዳት፣ ከእርሷ በፊት የነበረውን የሱማሌ ግጥም ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሱማሌ ሕዝብ ዘንድ ግጥም ለመዝናኛ ብቻ የሚነገር ነገር አልነበረም። ጋባይ የሚባለው ታላቁ የግጥም ዓይነት የጎሣ ሽማግሌዎች ጠብ የሚያበርዱበት፣ ደም የሚያካክሱበት፣ ወዳጅ የሚያመሰግኑበትና ባላጋራ የሚወቅሱበት የአደባባይ ንግግር ነበር። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ሲሆን፣ የሱማሌ ግጥም ግን የሚታሰረው በቃላቱ መነሻ ነው። በየስንኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው ቃል መግባት አለበት፤ ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢሆን እንኳ ድምፁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ስለዚህ ጋባይ ለመግጠም ዕድሜ፣ ዕውቀትና የቃል ሀብት ያሻል። ወጣቱና ድኻው፣ በከተማ የሚያድረው የቀን ሠራተኛና ሾፌር በዚህ ሸንጎ ስፍራ አልነበራቸውም።

ባልዎ ግን ሁለት ወይም ሦስት ስንኝ ብቻ ነበረች። የምትናገረውም ስለ ጎሣ ጠብ ሳይሆን ስለ አንድ ሰው የፍቅር ናፍቆት ነው። ናፍቆቱንም በግልጽ አትናገርም፤ አንድ ምሳሌ ብቻ ትሰጥና ትርጕሙን ለሰሚው ትተወዋለች። አዝማሪ በሁለት ስንኝ ሰምና ወርቅ ሲያቀብል የሰማ የአማርኛ አንባቢ የዚህን ጣዕም ለመገመት አይቸገርም። የሱማሌን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በመመርመር የታወቀው ሊቅ አንድርዜየቭስኪ በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህን አጫጭር ግጥሞች በጥቃቅኑ ከሚሣል ረቂቅ ሥዕል ጋር አመሳስሏቸዋል። ከባልዎ በፊትም ቢሆን ወጣቶች በጭፈራ የሚያዜሟቸው አጫጭር ግጥሞች መኖራቸው እርግጥ ነው። የዐብዲ ሥራ ከከብት ጠባቂው ሜዳ ያለውን ነገር አንሥቶ በከተማ ቤትና በመኪና ጎዳና እንዲሰማ አድርጎ መቅረፁ ነው።

ዐብዲ ብቻውን አልቀረም። በዙሪያው ዜማ ዐዋቂ ወንዶችና ሴቶች ተሰብስበው አንድ ቡድን ሆኑ። የሙዚቃ መሣሪያ አልነበራቸውም። ምቱ ጭብጨባና የባዶ ቤንዚን ቆርቆሮ ቂጥ ነበር። ቆርቆሮ ለሾፌር ከእጁ የማይጠፋ ዕቃ ነውና፣ መኪናውን ያንቀሳቀሰው ቤንዚን ካለቀ በኋላ ማስቀመጫው ከበሮ ሆኖ አገለገለ። የቡድኑ ዝና ከቦረማ ተነሥቶ ነጋዴዎች በሚመላለሱበት ጎዳና ሁሉ ተሰማ፤ ባልዎም ወደ ጂቡቲ፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅጅጋና ወደ ሐርጌሳ ደረሰ። በነዚህ ከተሞች መካከል የሦስት መንግሥታት ወሰን ነበር። ጨርቅና ስኳር በወሰኑ ላይ ቀረጥ ሲከፈልባቸው፣ ዜማው ግን ቀራጭ ሳያየው አለፈ።

ከቡድኑ አባላት ሁሉ ስሟ ከዐብዲ ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣው ኸዲጃ ዒዬ ዲራር ናት። የቦረማ ሰዎች በተሰበሰቡበት ይህች ሴት ከወንዶች ጋር ተቀምጣ ባልዎ ታዜም ነበር። በገጠር ጭፈራ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው መጫወታቸው የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ በከተማ ውስጥ፣ ዘመድ ባልሆኑ ወንዶች ፊት፣ ስለ ፍቅር የምታዜም ሴት ግን በዚያን ጊዜ ስሟና የቤተ ሰቧ ክብር አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ኸዲጃ ይህን እያወቀች ስፍራዋን አልለቀቀችም። ሕዝቡም ዘፈኑን ከሰውነቷ ለይቶ ማየት ስላልቻለ ኸዲጃ ባልዎ ብሎ ጠራት። ኋላ ለሱማሌ ሴቶች የተከፈተው የመድረክ በር መጀመሪያ ከተነቃነቀባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው።

ባልዎ ሐርጌሳ በገባ ጊዜ ከተማይቱ አዲስ የአስተዳደር መቀመጫ ሆና የምታድግ ነበረች። ጸሓፊው፣ አስተርጓሚው፣ ወታደሩ፣ ነጋዴውና ሾፌሩ ከየጎሣው መጥተው በአንድ ከተማ ይኖሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች ማታ ሥራቸውን ሲጨርሱ የሚሰበሰቡበት የጋራ ነገር ይሹ ነበርና ባልዎን በደስታ ተቀበሉት። በየቤቱ የባልዎ ማኅበር ተቋቋመ፤ አንዱ ቡድን ከሌላው ጋር በዜማ ይወዳደር ጀመር። የየትኛው ጎሣ ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ድምፁ የተወደደለት ሁሉ ይደመጥ ነበር። በጎሣ ለተከፋፈለ ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። የሃይማኖት መምህራን ወንድና ሴት ባንድነት የሚያመሹበት፣ ስለ ፍቅር የሚዘፈንበት ስብሰባ ከሃይማኖት ሕግ የወጣ ነው ሲሉ አወገዙት። አንዳንዶቹም ውግዘታቸውን በግጥም ገለጡ፤ ግጥምን በግጥም መቃወም የአገሩ ልማድ ነውና። ሽማግሌዎቹም በበኩላቸው ልጆቻችን የአባቶቻቸውን ጋባይ ትተው በቆርቆሮ ምት ይባክናሉ ሲሉ አዘኑ። ይህን ተቃውሞ የዕውቀት ማነስ ብቻ አድርጎ መቍጠር ቅን ፍርድ አይሆንም። ጽሕፈት ለሌለው ቋንቋ የሕዝቡ ታሪክና ሕግ የሚጠበቀው በቃል በሚተላለፍ ከባድ ግጥም ነበር፤ የሱማሌ ቋንቋ በመንግሥት ደረጃ የተወሰነ ፊደል ያገኘው በ1972 ብቻ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ከባዱን ትቶ ቀላሉን ከመረጠ የአባቶች ትዝታ ይጠፋል የሚለው ሥጋት መሠረት ያለው ሥጋት ነበር። ስሙ ራሱ መከራ ማለት መሆኑም ለነቃፊዎቹ ጥሩ መሣሪያ ሆነላቸው፤ መዓት ብሎ ራሱን የጠራ ነገር ምን በጎ ያመጣል ይሉ ነበርና።

ነገሩ የተፈታው በክርክር ሳይሆን በሥራ ነው። ባለዜማዎቹ ስንኞቹን ማያያዝ ጀመሩ። ቀድሞ ለየብቻቸው የሚዜሙት ባልዎዎች አንዱ ካንዱ እየተቀጠሉ ረዘም ያለ ዘፈን ሆኑ። ይህም ዘፈን የተነቀፈውን ስም ትቶ፣ በመዝሙሩ መነሻ ከሚሰማው የማሞቂያ ቃል ሄሎ የሚል አዲስ ስም ያዘ። ውሎ አድሮም አንዱ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሐሳብ የሚይዝ ሆነ። በዚህ ጊዜ ከዓደን የመጣው ዐብዱላሂ ቃርሼ ከባልዎው ዜማ ጋር ዑድ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ አገናኘ። ቃርሼ በ1924 በታንጋኒካ ተወልዶ በዓደን ያደገ ሲሆን፣ የሙዚቃ ፍቅር ያደረበት በዚያች ከተማ የሲኒማ አዳራሾች የሕንድ ፊልም ሲመለከት ነው። ዑድ የሰይጣን መሣሪያ ነው ይባል ስለ ነበረ፣ እርሱም መጀመሪያ መሣሪያውን ከሰው ዓይን መሰወር ግድ ሆኖበት ነበር። ስለዚህ የቦረማው ሾፌር ቆርቆሮ ትቶት የሄደውን ስፍራ የሐርጌሳው ባለ ዑድ ሞላው።

ሁለተኛው አጋዥ ራዲዮ ነበር። እንግሊዞች በ1943 በሐርጌሳ ያቋቋሙት ጣቢያ መጀመሪያ ራዲዮ ኩዱ ይባል ነበር፤ ቆይቶም ራዲዮ ሐርጌሳ የሚለውን ስም አገኘ። ጣቢያው የተከፈተው የጦርነት ወሬ ለማሰማት ቢሆንም፣ ሕዝቡን ከመቀበያው አጠገብ የሚያቆየው ዘፈን መሆኑ ታወቀ። በቤት ውስጥ የተነቀፈውም ነገር በአየር ሞገድ ሲመጣ ሰሚው በዛ። በ1953 ጉዱዶ ዐርዎ በሚል ቅጽል ስም የምትታወቀው ዘፋኝ በራዲዮ ስትዘፍን እውነተኛ ስሟን የሰወረችው ቤተ ሰቧ እንዳያውቃት ነበር። ይህም ኸዲጃ በቦረማ የጀመረችው ተጋድሎ ገና እንዳላለቀ ያሳያል።

ከራዲዮ ቀጥሎ መድረክ መጣ። በ1955 ሑሴን አው ፋራህ፣ ዩሱፍ ሐጂ አዳንና ዐብዱላሂ ቃርሼ የሐርጌሳ ወንድማማች የተባለውን የቴአትር ማኅበር አቋቋሙ። የሱማሌ ቴአትር ጠባዩ ከአውሮጳው ይለያል፤ ንግግሩ በዘፈን እየታጀበ የሚሄድ ነው፤ ዘፈኑም ከባልዎ የተወለደው ሄሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣት ስላልተፈቀደላት የሴቶቹን ክፍል ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር። በዚሁ ዘመን ዘፈኑ ከፍቅር ጕዳይ አልፎ የአገር ጕዳይ መናገር ጀመረ። በ1954 በኅዳር ወር የእንግሊዝ መንግሥት የሐውድን ምድር ለኢትዮጵያ ለመመለስ ከተስማማ በኋላ፣ በሐርጌሳ የተነሣው የፖለቲካ ስሜት በሄሎ ዘፈኖች ተገለጠ። ሰኔ 26 ቀን 1960 የእንግሊዝ ሱማሌ ምድር ነጻ ሲወጣ፣ ሐምሌ 1 ቀንም ከደቡቡ ክፍል ጋር ሲዋሐድ፣ ሕዝቡ በአደባባይ ደስታውን የገለጠው በዚሁ ዜማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያወግዙት ከነበሩት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ በዚያን ቀን አብረው አጨበጨቡ።

ዐብዲ ሲኒሞ ይህን ሁሉ ለማየት በቃ፤ ትርፉ ግን ለእርሱ አልደረሰም። የፈጠረው ዘፈን ስሙን ለውጦ፣ መሣሪያ ጨምሮ፣ በራዲዮና በመድረክ ሲከበር እርሱ በመጋቢት ወር 1967 ዐረፈ። በዚያው በ1967 ዓመት ከቻይና መንግሥት በስጦታ የተሠራው ብሔራዊ ቴአትር በሞቃዲሾ ተከፈተ። በቤንዚን ቆርቆሮ የተጀመረው ነገር በሃያ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የመንግሥት አዳራሽ ሲያገኝ፣ ጀማሪው ሀብት ሳያፈራ ወደ መቃብር ወረደ። ከርሱ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ግን ጀማሪው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቁ የሾፌሩን ስም ከመጥራት አልተቈጠቡም፤ ከምስጋና ሁሉ የሚበልጠውም የሙያ ልጆች ምስጋና ነው።

የዚህ ሥራ ዕጣ ግን በሰላም ብቻ አላለፈም። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ደበደቡ፤ ከተማይቱም ፈረሰች፤ ነዋሪዋም ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። በዚያ ክፉ ጊዜ የራዲዮ ሐርጌሳ ሠራተኞችና ሌሎች ሰዎች ዘፈን የተቀዳባቸውን ቴፖች በመሬት ቀብረው፣ ከፊሉንም ወደ ጎረቤት አገር አሽሽተው ከጥፋት አዳኑ። ሰው ቤቱ ሲቃጠል የሚያወጣው ዕቃ ልቡ የት እንዳለ ያሳያልና፣ ዘፈን ለዚህ ሕዝብ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይፈለግም። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማእከል ከዐሥራ አራት ሺህ የሚበልጡ ካሴቶች ተሰብስበው ይጠበቃሉ። የጥንት ሽማግሌዎች የአባቶችን ትዝታ ያጠፋል ብለው የፈሩት ዘፈን ራሱ ተራው ደርሶ ትዝታ ሆነ፤ ልጆች ከጥፋት የሚጠብቁት የአባቶች ቅርስም ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም የሚሆን ትምህርት አለ። አዲስ ነገር ሁልጊዜ በታላቅ በር አይገባም። በተሰበረ መኪና አጠገብ፣ በጠፍ በረሓ፣ ስሙ ባልታወቀ ሾፌር አንደበት ሊወለድ ይችላል። መንገድ የሚያሠራ ሹም ለእህል ማመላለሻ ብቻ ያሠራው ይመስለዋል፤ ካሚዮን የሚልክ ነጋዴም ጭነቱን በሚዛን መዝኖ የጨረሰ ይመስለዋል። ከጭነቱ ጋር ግን የማይመዘን ነገር አብሮ ይጓዛል። የዐብዲ ዴቅሲ ካሚዮን በዚያን ቀን የጫነው ሸቀጥ ተሸጦና ተበልቶ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በሐባስ ወይን አቧራ ውስጥ የወጣችው ዜማ ግን እስከ ዛሬ አላለቀችም።